ማደስ፣ መቀየር፣ ወይስ ማሳረፍ?

«አሮጌውን ላሳድሰው ወይስ ጨምሬ አዲስ ልግዛ?» ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ስልካችሁ ባትሪው ሲደክም ጠይቃችሁታል። ላፕቶፓችሁ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ሲጮህ ጠይቃችሁታል። መልሱን የምንፈልገው ብዙ ጊዜ በካልኩሌተር ነው፤ የእድሳቱን ዋጋ በአንድ በኩል፣ የአዲሱን ዋጋ በሌላ በኩል አስቀምጠን እናወዳድራለን። እኔም ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ካልኩሌተር አልጠላም። ግን ጥያቄው ውስጥ ካልኩሌተሩ የማይነካው ነገር አለ። እሱም አሮጌው ዕቃ ከእኛ እጅ ሲወጣ የት ነው የሚሄደው የሚለው ነው።

ነገሩን በደንብ ያየሁት ቡሬ ውስጥ በአንዲት ሞተር ሳይክል ምክንያት ስለሆነ በእሷ ላስረዳችሁ።

አጎቴ ያማሃ ዲቲ 125 አለችው። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ናት። በገጠር የኖራችሁ ታውቋታላችሁ፤ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ባለሙያው፣ የወረዳው ሱፐርቫይዘር ሁሉ ሲነዷት የኖረች ረጅም፣ ቀጭን፣ ጭቃ የማትፈራ ሞተር ናት። አጎቴ በእሷ ከቡሬ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣል፣ ይወርዳል። ክረምት ላይ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና በሚያዳልጥበት ዳገት ሌላው ሞተር ሲቆም እሷ ትወጣለች። ነገር ግን አርጅታለች። ጭሷ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጉልበቷ ቀንሷል፣ ጠዋት ለማስነሳት እግር እስኪደክም መርገጥ ይጠይቃል።

ባለፈው ክረምት ስንገናኝ ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ሞተሩን አስወርዶ ሙሉ በሙሉ ማሳደስ ነው። ሁለተኛው እሷን ሸጦ፣ ጨምሮ፣ አዲስ የህንድ ሞተር መግዛት ነው። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። እኔ እንግዲህ «የኮምፒውተር ልጅ» ስለሆንኩ አስላልን ተባልኩ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። በአገራችን «አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ለመናገር ቀላል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድባቸው አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። የመኪናው ሕግ ሞተር ሳይክልን በቀጥታ ላይመለከት ይችላል፤ ምንዛሪው ግን ሁሉንም ይመለከታል። አዲሱም ተወደደ፣ የአሮጌው መለዋወጫም ተወደደ። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ የሚያሳድስ ሰው ሁሉ «ያለፈውን ናፋቂ» አይደለም። አብዛኛው ሌላ መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ቴክኒኩ። የዲቲ ሞተር ቱ ስትሮክ ነው፤ ክራንኩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ያቃጥላል። ፎር ስትሮክ ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው አንድ ጊዜ የሚያቃጥለው። ለዚህ ነው ትንሿ ሞተር ለክብደቷ ብዙ ጉልበት ያላት። ዋጋውን ደግሞ በነዳጅና በጭስ ታስከፍላለች፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚቃጠል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቷ ይወርዳል። መካኒኩ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነገረን፦ «ጂግለሩን በትንሽ ቀይሩላት፣ ሲሊንደሯን ሬቲፊካ አስደርጉ፣ ፒስተንና ፋሻ ግቡላት፣ የኋላውን የካቴና ጥርስ ትልቅ አድርጉት፣ ዳገቱን ትረሳዋለች።» ዋጋውን ደመርነው። የአዲሷን ሲሶ አይሞላም።

እኔ በምሠራበት ሙያም ይኸው ክርክር በየቀኑ አለ። አሮጌ ኮድ ሲያስቸግር ወጣቱ ፕሮግራመር «እንጣለውና ከዜሮ እንጻፈው» ይላል። በዚህ ላይ የታወቀው ታሪክ የኔትስኬፕ ነው። በ1990ዎቹ ኢንተርኔትን ለዓለም ካስተዋወቁት ብራውዘሮች አንዱ ነበር። በፈረንጆቹ 1998 አሮጌውን ኮድ ትተው አዲስ ለመሥራት ወሰኑ። ቁጥር 5 የሚባለው ሳይወጣ ቀረ፣ ቁጥር 6 የወጣው በ2000 መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ማይክሮሶፍት ገበያውን ወስዶታል። በዚያው ዓመት ጆኤል ስፖልስኪ የሚባል ፕሮግራመር ስለዚህ ጽፎ ነበር። የነጥቡ ፍሬ ነገር አስቀያሚ የሚመስለው አሮጌ ኮድ ውስጥ ለዓመታት የተስተካከሉ ስህተቶች እውቀት ተቀብሯል የሚል ነው። ከጣላችሁት እውቀቱንም አብራችሁ ትጥላላችሁ።

የአጎቴ ሞተርም እንዲሁ ናት። የትኛው ዳገት ላይ በስንተኛ ማርሽ እንደምትወጣ ያውቃል። ድምፅዋ ሲቀየር ምን እንደጎደላት ያውቃል። መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው አነጋገር ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የሚያውቁትን ነገር መጠገን ይቻላል ማለትም ነው።

ግን ይህ ሁሉ ተቀይሮ ሞተሯ «ያችው» ናት ወይ? ፍልስፍና ያነበባችሁ ፕሉታርክ የጻፈውን የቴሴዎስን መርከብ ታስታውሳላችሁ፤ አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እየቀየሩ ያቆዩትን። የጎጃም ገበሬ ይህን ጥያቄ ያለ ፕሉታርክ ፈቶታል። ሞፈሩ ሲሰበር ሞፈር ይቆርጣል። ድግሩ ሲያልቅ ድግር ይጠርባል። ማረሻው ሲደንዝ ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ይወስደዋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ምንም አይቀርም፣ እሱ ግን አሁንም «የአባቴ ዕቃ» ይለዋል። ለእሱ ዕቃው እንጨቱ አይደለም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ተክቶ ሥራውን የማያስቆም ሰው እስካለ ድረስ ዕቃው አለ።

ለአዲስ ነገር ጠላት ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ይኸው ገበሬ በዘር ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ቡሬ የበቆሎ አገር ናት። ቢኤች-660 የተባለው ዲቃላ ዘር በፈረንጆቹ 1993 ከባኮ ምርምር ማዕከል ከወጣ ወዲህ ከእርሻው ዘር አስቀርቶ መዝራት እንደማያዋጣ ተምሯል። የዲቃላ ዘር ልጁ እንደ አባቱ አያፈራም። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ይገዛል። ያው ሰው ሞፈሩን ይጠግናል፣ ዘሩን ይቀይራል። ማንም «አቋምህ ተጋጨ» አይለውም፤ ምክንያቱም አንዱ ጉድለቱ ከላይ የሚታይና የሚጠገን ነው፣ ሌላው ጉድለቱ ከሥሪቱ ነው።

ለእኔ የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው። የተበላሸው ክፍሉ ከሆነ አድስ። ያነሰው ሥሪቱ ከሆነ ግን ገንዘብህን አታፍስስበት።

እዚህ ላይ ነው የአጎቴ ሒሳብ የተወሳሰበው። የሞተሯ ጉልበት ክፍል ቀይሮ ይመለሳል። ፍሬኗ ግን? የፊቱ ፍሬን በታምቡር ነው የሚሠራው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይላላል፣ ውሃ ሲገባበት ይንሸራተታል። ወደ ዲስክ ለመቀየር ሹካውንም ቸርኬውንም መለወጥ ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር ዳገቱን ማደስ ይቻላል፣ ቁልቁለቱን አይቻልም። ሞተሯ በታደሰች ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ትፈጥናለች። ደካማ ፍሬን ላይ ብርቱ ሞተር መጫን እድሳት ይባል?

በዚህ ላይ ፈረሟ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ የተበየደ ነው። ብየዳው ቆንጆ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል፣ አይታይም።

ለመሸጥ ሲታሰብ አንድ ልጅ መጣ። ሰው እያመላለሰ ሊሠራባት ነው የፈለጋት። ደላላው አጎቴን ወደ ጎን ወስዶ «ጋሼ፣ ሞተሯን አሳድሰው፣ ቀለም ቀባባው፣ ስለ ብየዳው ካልጠየቀህ አትንገረው፤ በደህና ዋጋ ትሄዳለች» አለው። በዚያ ዋጋ አዲሷን መግዛት ይቻል ነበር። ፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን ያላት፣ በቁልፍ የምትነሳ፣ ነዳጅ የማትበላ። ከመሬት ዝቅ ያለች ስለሆነች ጭቃው ላይ እንደ ዲቲ ባትሆንም፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን የሰው ሕይወት የምታተርፍ።

አጎቴ ለልጁ ብየዳውን በጣቱ አሳየው። ልጁ ዋጋውን በአንዴ አወረደው፤ በወረደው ዋጋ ደግሞ አዲሷ አትገዛም። ደላላው እስከ ዛሬ አኩርፏል።

ያን ማታ እኔና አጎቴ ተከራከርን። ክርክሬን ሳላሳምር ላስቀምጠው። «ጋሼ፣ ልጁ ትልቅ ሰው ነው፤ መካኒክ ይዞ መጥቶ ማስመርመር የሱ ፋንታ ነው። አንተ ባትሸጥለት ሌላ የባሰች ይገዛል። አንተ ደግሞ በዚህችው ፍሬን ቁልቁለት ትወርዳለህ። ማን ተጠቀመ?» አልኩት።

አጎቴ ትንሽ ዝም ብሎ «አንተ ልጅ፣ ከእሷ የምሸሸው ለምንድን ነው?» አለኝ። «ፍሬኗ ስለሚያስፈራህ» አልኩት። «እንግዲህ ፍርሃቴን ነው የምሸጥለት» አለ።

ይህን ሳስበው ሰነበትኩ። አሮጌ ዕቃ የምንሸጥበት ምክንያት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ለእኔ አልሆነም» ነው፤ ትንሽ ሆነብኝ፣ ሥራ ቀየርኩ፣ ሌላ አማረኝ። እንዲህ ያለው ሽያጭ ንጹሕ ነው፤ ለእኔ ያልሆነው ለሌላው ሊሆን ይችላል። ሌላው «ለማንም አይሆንም» ነው። ይህኛው ሲሸጥ የሚተላለፈው ዕቃው ብቻ ሳይሆን አደጋውም ነው፤ ዋጋው ጥሩ የሚሆነው ደግሞ ገዢው ያን ስላላወቀ ብቻ ነው። የእኔ አዲስ ሞተር በሱ አለማወቅ ተገዛ ማለት ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ግን ቡሬ ገበያ ላይ በእጅ ለእጅ ሽያጭ ስንቱ ነው ፍርድ ቤት የሚሄደው? እዚያ ያለው ዋስ የሻጩ አፍ ነው።

«ባትሸጥለት የባሰ ይገዛል» የሚለው ክርክሬስ? እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከነብየዳው ልሸጥለት እችላለሁ፤ ያኔ የባሰውንና የተሻለውን የሚያወዳድረው እሱ ይሆናል። ክርክሩ የሚደግፈው መሸጥን እንጂ መደበቅን አይደለም። እንዲያውም ልጁ አውቆ ዋጋ ማውረዱ ሲነገረው ማሰብ እንደሚችል ነው የሚያሳየው። ከኋላው የሚቀመጠው ተሳፋሪ ግን አይጠየቅም። ብየዳውን አያይም፣ ዋጋም አይደራደርም።

በእኛ ሙያ ዋርድ ከኒንግሃም በፈረንጆቹ 1992 «ዕዳ» ብሎ የሰየመው ነገር አለ። ቶሎ ለማድረስ ብለህ ያላስተካከልከው ኮድ ሁሉ ብድር ነው፣ ካልከፈልከው ወለድ ይቆጠራል። ፕሮጀክት ቀይረህ ስትሄድ ዕዳው አይጠፋም፤ የሚረከበው ልጅ ይከፍለዋል። ጥሩ ፕሮግራመር ከመሄዱ በፊት ቢያንስ «እዚህ ጋ አደጋ አለ» ብሎ ይጽፋል። አጎቴ ፕሮግራም አያውቅም፤ ያደረገው ግን ይህንኑ ነው።

ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? ሞተሯ አልተሸጠችም፣ አዲሷም አልተገዛችም። አጎቴ ፒስተንና ፋሻ ብቻ አስቀየረ፣ የፍሬን ሸራውን አዲስ አደረገ፣ ጂግለሩን አሳነሰ። የኋላውን ጥርስ ተወው። ከዚያ ሥራዋን ቀነሰላት። ሰው አይጭንባትም፣ ማታ አይነዳትም፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለት በእግሩ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን በዚህ ምክንያት ይመሻል፣ ሁለት ቀበሌ ማዳረስ ሲገባው አንድ ብቻ ያዳርሳል። ይህ ኪሳራ ነው፣ ኪሳራ አይደለም ብዬ አላሳምረውም። ገንዘብ ሲጠራቀም አዲስ ይገዛል፤ ያኔ ይችን ክፍል ክፍሏን እየፈታ ሊሸጣት ነው ሐሳቡ። ሞተሩ ጤነኛ ስለሆነ ይሸጣል። የተበየደው ፈረም ግን ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ይሄዳል።

ይህ ሦስተኛ መልስ በጥያቄው ውስጥ አልነበረም። «ላድስ ወይስ ልቀይር» ስንል ዕቃው ያው የድሮ ሥራውን እንዲሠራ አስበን ነው የምንነሳው። ከዕቃው የምንጠብቀውን መቀነስ ግን ይቻላል። አሮጌው ላፕቶፕ ቪዲዮ ማቀናበር ባይችል ለታናሽ እህታችሁ መጻፊያ ይሆናል፤ ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን ለማንም አይሆንም፣ በስጦታም ቢሆን።

በሚቀጥለው ጊዜ በቴሌግራም «ንጹሕ ዕቃ፣ ምንም ችግር የለበትም» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ከዚህ ዕቃ የምሸሽበትን ምክንያት ለገዢው ብነግረው ይገዛኛል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ንገሩትና ሽጡ። «አይ» ከሆነ ደግሞ የምትሸጡት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።