ለፋሲካ የተገዛች

«ለፋሲካ የተገዛች ገረድ ሁልጊዜ ፋሲካ ይመስላታል» ይባላል። የሚባልለት ሰው መቼም አይጠፋም። ቦነስ በሚከፈልበት ወር የተቀጠረ ጸሐፊ አለ፤ ከጫጉላ ሳይወጣ ስለ ትዳር የሚመክር ሙሽራ አለ፤ ለእንግዳ ተብሎ የተጠረገ መንገድ አይቶ ሰፈሩ ተለወጠ የሚል ጎረቤት አለ። ተረቱ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልክ ያስገባቸዋል። የገባህበትን ቀን የዓመቱ መለኪያ አታድርገው፤ ድግሱ ይነሣል፣ ከድግሱም ወዲያ ጾም አለ ነው ነገሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ልጅቷ ናት። ለመሆኑ ለፋሲካ ለምን ተገዛች? አብራ እንድትገድፍ አይደለም፤ ሥራው በዝቶ ነው እንጂ። በቀዳም ሥዑር ማታ የዶሮ ወጥ ድስት አጠገብ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። ቁና ሙሉ ሽንኩርት ተልጦ ይከተፋል፤ ከዚያም መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ እያማሰሉ፣ ውኃው እስኪመጥ ይቁላላል። ማማሰያውን ለአፍታ የለቀቀች ሴት ሽንኩርቱ ሥር ያዘባት ማለት ነው። ዶሮዋ 12 ብልት ሆና በሎሚና በጨው እየታሸች ደጋግማ ትታጠባለች። ጠላው ይጠለላል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል። እመቤቲቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ድስቱ ሥር የምትቀረው እሷው ናት። ዶሮ ጮኾ ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ቆማ ውኃ ታስታጥባለች። እንግዲህ ይህች ልጅ «ሁልጊዜ ፋሲካ» ቢመስላት ምን ይሆን የመሰላት? የተረቱ ባለቤት ጮማ ነው ብሎ አስቧል። ሽንኩርት ቢሆንስ? ተረቱን የተረተው ማዕዱ ላይ የተቀመጠ ሰው እንጂ ጓዳ የቆመች ሴት እንዳልሆነች አልጠራጠርም። መገዛቱም ያኔ ለአፍ ማሳመሪያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባርነት በ1942 እ.ኤ.አ. በአዋጅ እስኪቀር ድረስ ሰው ይሸጥ ነበር።

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ራሷ በየዓመቱ ለፋሲካ አዲስ ሰው ታስገባለች፤ ስለዚህ ተረቱን በእሷ ዓመት መፈተን ይቻላል። የትንሣኤ ሌሊት ከጥንት ጀምሮ ንዑሰ ክርስቲያን የሚጠመቁበት ሌሊት ነው። ተጠማቂዎቹ ከውኃው ሲወጡ ነጭ ይለብሱ ነበር፤ ያንን ነጭ ለብሰው ሳምንቱን ሙሉ በየዕለቱ እየመጡ ይማራሉ። እኛ ዳግም ትንሣኤ በምንለው እሑድ ላይ አውልቀውት ከሕዝቡ ይቀላቀላሉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ387 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ሌሊት ሚላኖ ላይ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ልጁ አዴዎዳጦስም አብሮት ተጠመቀ። ዓመቱ ሳያልቅ እናቱ ሞኒካ ወደ አፍሪካ የሚወስዳቸውን መርከብ ሲጠብቁ ኦስትያ ወደብ ላይ ሞተች። ልጁም ዕድሜው ሃያ ሳይሞላ ተከተላት። እሱ ራሱ በ430 ሲሞት ሀገረ ስብከቱ ሂጶ በቫንዳሎች ተከባ ነበር። ለፋሲካ የገባ ሰው የፋሲካው ማግስት ይህን ይመስላል።

አውግስጢኖስ ጳጳስ ከሆነ በኋላ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ለአዲሶቹ ተጠማቂዎች ይሰብክ ነበር፤ «ሕፃናት» እያለ ይጠራቸዋል፣ መካከላቸው ሽበታም ቢኖርም። ከሚነግራቸውም አንዱ፣ ነጩን አውልቃችሁ የምትቀላቀሉት ሕዝብ ውስጥ መጥፎም ደግም አለ፣ ደጉን ምሰሉ የሚል ነው። ተረታችንን የሚያውቅ ሰው ምክር ይመስላል። እስከዚህ ድረስ ቤተ ክርስቲያንና ተረቱ ይስማማሉ። ዓመቱን ሙሉ ነጭ የሚለበስበት ቤት የለም። በላቲኑ ሥርዓት የዓመቱ ትልቁ ክፍል፣ 33 ወይም 34 ሳምንት፣ የካህኑ ልብስ አረንጓዴ ነው፤ መደበኛው ዘመን ይሉታል። ልደትም ሁዳዴም ፋሲካም ያልሆነ፣ እንዲሁ የሚኖርበት ጊዜ። በአረንጓዴው ወራት ለተገዛችው ተረት ያልወጣላት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙዎቻችን ግን የተገዛነው ያኔ ነው።

ተረቱ እውነቱን የሚያጣው የፋሲካው ሻማ ላይ ሲደርስ ነው። በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ጨልሞ፣ ደጅ ላይ አዲስ እሳት ይነድዳል። ካህኑ በትልቁ ሻማ ላይ መስቀል ይቀርጻል፤ ከመስቀሉ በላይ አልፋ፣ ከታች ዖሜጋ፣ በአራቱም ማዕዘን የዓመቱን አራት ቁጥሮች አንድ በአንድ ያሰፍራል፤ አምስት የዕጣን ፍሬም ይሰካበታል። ቁጥሮቹ ሁልጊዜ ይገርሙኛል። ዘላለማዊ የተባለው በዓል ላይ የዘንድሮው ዓመት ተጽፎ ይገባል። ይህ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ጊዜው እየቀደመ ሄዶ ቅዳሜ ጠዋት፣ በቀን ብርሃን ይደረግ ነበር፤ ወደ ሌሊቱ የመለሱት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ናቸው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ለሙከራ፣ በ1955 ለሁሉም።

ሻማው እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳውን ቀን መቅደሱ አጠገብ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ወደ ጥምቀት ገንዳው ይወሰዳል፤ ሕፃን ሲጠመቅ ይበራል። ሌላው የሚበራበት ቀን የቀብር ቀን ነው፤ ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ይቆማል። በጥቅምትም ይሁን በነሐሴ፣ በሁዳዴ መካከልም ቢሆን፣ ሰው ሲሞት የሚወጣው የፋሲካው ሻማ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያረፉት ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት ሰኞ ነበር፤ በዚያ ዓመት የእኛም የምዕራባውያኑም ፋሲካ ባንድ ቀን ውሎ ነበር። ቀብራቸው የተፈጸመው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ስምንቱ የፋሲካ ቀን ሳያልቅ ነው።

እኚሁ አባት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት «የወንጌል ደስታ» በተባለው ምክር ላይ፣ ኑሯቸው ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ የሚመስል ክርስቲያኖች አሉ ብለው አዝነው ነበር። መከራ የደረሰበት ሰው ደስታ ቶሎ እንደማይመጣለትም አልሸሸጉም። እኔ በየቁምስናው የማየው ችግር ከተረቱ ይልቅ ይህ ነው። ለሁዳዴ የተገዛ ሰው ሁልጊዜ ሁዳዴ ይመስለዋል። የዐመዱን ረቡዕ የማያሳልፍ፣ ግንባሩን ዐመድ ተቀብቶ በኩራት ወደ ሥራ የሚሄድ፣ ፍኖተ መስቀሉን በየዓርቡ የሚዞር፣ ዳግም ትንሣኤ ላይ ግን የማይገኝ ሰው ሞልቷል። ሐዘን ከባድ ነገር ስለሚመስል ሃይማኖተኛ ያሰኛል፤ ሃምሳ ቀን መደሰትን ግን እንደ ሥራ የሚቆጥረው የለም። የግዕዙ ሥርዓት እዚህ ላይ ብልህ ነው፤ በሃምሳው ቀን ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም፤ ጾመኛው ቢፈልግም ይከለከላል።

የላቲኑም ቆጠራ የራሱ ብልሃት አለው። ከዐመድ ረቡዕ እስከ ቀዳም ሥዑር ቢቆጠር 46 ቀን ነው፤ ጾሙ ግን የ40 ቀን ይባላል። ስድስቱ እሑዶች አይቆጠሩም፤ እሑድ ትንሿ ፋሲካ ናትና። ልብሱ ባብዛኛው ሐምራዊ እንደሆነ ይቆያል፣ ሃሌሉያም አይዘመርም፤ ቀኑ ግን ከጾም ውጭ ነው። ስለዚህ በየሰባት ቀኑ ፋሲካ የመሰላት ገረድ የዓመቱን አቆጣጠር ከሳቁባት ጌቶቿ ይልቅ ታውቀዋለች።

ይህን ሁሉ የምለው ገረዲቱ እሑድ ካላት ነው።

ዛሬ ለፋሲካ የተገዛችውን የሚፈልግ ሰው ቤይሩት ይሂድ። የሊባኖስ ማሮናውያን ካቶሊኮች ናቸው፤ ጾማቸውን የሚጀምሩት በረቡዕ ሳይሆን በዐመድ ሰኞ ነው፤ ፋሲካቸውም በምዕራቡ አቆጣጠር ነው። በ2016 ዓ.ም. የእነሱ ፋሲካ መጋቢት 22፣ የእኛ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ አምስት ሳምንት ልዩነት። በእነሱ ሰሙነ ሕማማት እያንዳንዱ ቤት ማዕሙል ይሠራል። የሰሚድ ሊጥ በቅቤ ይታሻል፤ ተምር ወይም የተፈጨ ዋልነት ይሞላበታል፤ ውስጡ በተቀረጸ የእንጨት ቅርጽ ላይ ተጠፍጥፎ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታ ሲደረግ አበባ የመሰለ ጥለት ይዞ ይወጣል። አንዱ ቤት መቶም ሁለት መቶም ይሠራል፤ ለዘመድ ይላካል፣ ለእንግዳ ይቀርባል። ይህን የምትጠፈጥፈው ሴት ኢትዮጵያዊት ስትሆን ያን ጊዜ ገና የሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ናት። ቅቤ ስላለበት አትቀምሰውም፤ ስኳሩ በቅቷል ወይ ስትባል በዓይኗ መገመት ነው። የእሷ ፋሲካ ሲደርስ ለቤቱ እንደማንኛውም እሑድ ነው፤ መስኮት ይወለወላል፣ ልብስ ይታጠባል። አሠሪዎቿ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ቢሆኑ ኖሮ ቀኑ ይገጥምላት ነበር፤ ይህን የሚመርጥላት ግን ኤጀንሲው ነው።

የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ ወረቀቱ ላይ። ያ ቀን የተሰጣቸው ሴቶች በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ይታያሉ። የኢየሱሳውያኑ የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ለስደተኛ ሠራተኞች ቅዳሴ ከሚደረግባቸው አንዱ ነው። ያልተሰጣቸው አይታዩም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቀኑ ራሱ ተንሸራቷል፤ እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ ካቶሊኮች የእሑዱን ቅዳሴ ዓርብ ያስቀድሱ ነበር፤ ኤምሬቶች የዕረፍት ቀኗን ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዛወረችው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስለ እሑድ ዕረፍት ዝም አላለችም ቢባል እውነት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት የእሑድ ዕረፍት የሠራተኛው መብት እንደሆነ ተናግረዋል፤ ማንም ሊሸጠው ወይም ሊነጥቀው የማይችል። የቀኖና ሕግም ምእመኑ እሑድ ከሥራ እንዲያርፍ ያዝዛል። የሚያዝዘው ግን ምእመኑን ነው፤ የምእመኑን ሠራተኛ የሚያሳርፈው ማን እንደሆነ እያንዳንዱ ቤት ራሱ ይወስናል። ማሮናዊው ጌታም አዲስ አበባ ያለው ካቶሊክ ጎረቤቴም ቅዳሴውን ሳያጓድል ሠራተኛውን ጓዳ ሊያስቀር ይችላል፤ ንስሐ ሲገባም ትዝ ላይለው ይችላል።

እዚህ አገር ግን ቀኑ አንድ ነው። ካቶሊኩ በግዕዙም ሥርዓት በላቲኑም ቢያስቀድስ ፋሲካን ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ጋር ባንድ ቀን ያከብራል፤ የአምስት ሳምንት ሰበብ የለም። ቀኖናው እንኳ ቀለል ያለ መንገድ ትቷል፤ በዋዜማው ማታ ያስቀደሰ የእሑዱን ግዴታ ፈጽሟል ይላል። ችግሩ የፋሲካ ዋዜማ ማታ ድስቱ እሳት ላይ መሆኑ ነው። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። የሆሳዕና እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነገር፣ ቆሞሱ አንድ ነገር ቢጨምሩ ይበቃል፦ የትንሣኤ ሌሊት ስትመጡ ሠራተኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የእናንተ እምነት ተከታይ ካልሆኑም ወደየራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሸኟቸው። ዶሮው ለጠዋት ቁርስ ባይደርስ ለምሳ ይደርሳል፤ ያን ሁሉ ሳምንት የጾመ ቤተሰብ እስከዚያ በእንቁላልና በአይብ መግደፍ አያቅተውም።