አበዳሪ ሲሳሳት ማን ይክፈል?

በፊሊፒንስ፣ ከማኒላ ባሻገር ባለው የባታን ልሳነ ምድር ላይ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ቆሟል። ግንባታው በ1976 ተጀምሮ በ1984 አለቀ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። 620 ሜጋ ዋት ያህል እንዲያመነጭ ቢታሰብም ለአንዲት ቀን እንኳ ለሕዝብ መብራት ሰጥቶ አያውቅም። ዛሬ ጎብኚ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገብቶ የ1970ዎቹን ባለቀስት መለኪያዎችና ማብሪያ ማጥፊያዎች ማየት ይችላል። ማመንጫው ሥራ ሳይጀምር ወለዱ ግን ሲቆጠር ኖሮ፣ ፊሊፒናውያን ዕዳውን ከፍለው የጨረሱት በ2007 ነው። ግንባታው ባለቀበት ዓመት የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ ራሱ ግብር ከፋይ ሆኗል።

ስለ ዕዳ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምንለው «የተበደረ ይክፈል» ነው። ያለዚህ ደንብ ማንም ማንንም አያምንምና እኔም እቀበለዋለሁ። የሚያሳስበኝ አበዳሪው ከጥያቄው ውጭ መቅረቱ ነው። ማንም ሲያበድር ሁለት ነገር መመዘን አለበት፤ ተበዳሪው ቃሉን ይጠብቃል ወይ? ገንዘቡ የሚውልበት ሥራስ ያፈራል ወይ? ለፋብሪካ የሚሰጥ ብድር ላይ መንግሥት ዋስ ሲሆን ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋ ያጣል። ባንኩ ያበደረው ለፋብሪካው ይመስላል፤ በእርግጥ የተማመነው ግን በግብር ከፋዩ ኪስ ነው።

የባታን ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ማብላያዎችን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመሥራት ነበር፤ በኋላ የአንዱ ዋጋ ብቻ ከዚያ እጥፍ በላይ ሆነ። ቦታው ናቲብ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ አጠገብ ነው። ይህ ሁሉ እየታወቀ የአሜሪካ ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በቀጥታ ብድርና በዋስትና ደገፈው። እንዲህ ባለው ብድር አብዛኛው ገንዘብ ባሕር አይሻገርም። ባንኩ የዕቃ ማስጫኛ ሰነድና ደረሰኝ ሲቀርብለት እዚያው አገሩ ላለው አምራች ይከፍላል፤ ተበዳሪው አገር የሚደርሰው መሣሪያውና የዕዳ መዝገቡ ነው። ከዚያ ወዲያ ተርባይኑ ዞረ አልዞረ በባንኩ ሒሳብ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም። በ1986 የፊሊፒንሱ መሪ ማርኮስ ከሥልጣን ወደቁ፤ ከሁለት ወር በኋላ የቼርኖቤል ኑክሌር ማመንጫ ፈነዳ። ማርኮስን የተካው የኮራዞን አኪኖ መንግሥት የባታንን ማመንጫ ዘጋው፤ ዕዳውን ግን ተሸከመው።

የባታን ብድር በተሰጠበት በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ንሮ የነዳጅ አምራች አገሮች ገንዘብ በትልልቆቹ ባንኮች ተከማችቶ ነበር። የሲቲባንክ ኃላፊ የነበሩት ዋልተር ሪስተን ኩባንያ ይከስራል፣ አገር ግን አይከስርም ብለው ይከራከሩ ነበር። አገር እንደ ኩባንያ ተበትኖ እንደማይጠፋ እውነት ነው። ነገር ግን ባንኮቹን ከማየት ያዘናጋቸው ይኸው እውነት ነው፤ አገሩ መሬቱንና ሕዝቡን ይዞ እዚያው የሚቆይ ከሆነ፣ ፋብሪካው የት እንደሚሠራ ማጣራት ለምን ያስፈልጋል? በነሐሴ 1982 ሜክሲኮ መክፈል አቃተኝ ስትል ብዙዎቹ ደነገጡ።

ድሃ አገር ከሀብታም አገር የበለጠ ወለድ የሚከፍለው አበዳሪው ስጋት ስለሚሸከም ነው ይባላል። ኢትዮጵያ በ2014 ዓለም አቀፍ ቦንድ ሸጣ 1 ቢሊዮን ዶላር ስትበደር ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር፤ በዚያው ወቅት የአሜሪካ መንግሥት ለአሥር ዓመት የሚበደርበት ወለድ ከ2 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ልዩነቱ የስጋት ዋጋ ነው፤ ዓመት በዓመትም ተከፍሏል። በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ፤ ስጋት የተባለው ነገር መጣ ማለት ነው። ታዲያ የስጋቱን ዋጋ ሲቀበል የኖረ ሰው ስጋቱ ሲደርስ ምንም አልካፈልም ቢል፣ ያን ትርፍ ወለድ የተቀበለው በምን መብት ነው?

የቀድሞው የአገራችን ሥርዓት አበዳሪንና ተበዳሪን ያቆራኝ ነበር፤ በሸማ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ታስረው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውሉ ነበር። ለተበዳሪው ክፉ ውርደት ነውና እንዲመለስ አልመኝም። ሆኖም አበዳሪውም ቀኑን ያጣ ነበር፤ ላበደረበት ጉዳይ አካሉ ሳይቀር ይታሰር ነበር። ዛሬ የታሰረው አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ዋስትና ባይኖር ለድሃ አገር ማን ያበድር ነበር? የሚል አለ፤ ከባድ መከራከሪያ ነው። ተንዳሆ ስኳር ፋብሪካ ለምሳሌ፣ የሕንድ ኤግዚም ባንክ በ2007 ለተንዳሆ፣ ለወንጂ ሸዋና ለፊንጫ የፈቀደው 640 ሚሊዮን ዶላር ባይኖር አፋር ምድር ላይ ባልቆመ ነበር። የመክፈሉ ሸክም ግን አደገ፤ ብድሩ ሲፈረም አንድ ዶላር ወደ 9 ብር ነበር፤ በ2024 ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ከ100 ብር አለፈ። ስኳር የሚሸጠው በብር፣ ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ስኳር መጣ ሲባል የሸማቾች ማኅበር በር ላይ ኩፖን ይዞ ተሰልፏል። ጥፋቱን ሁሉ ለውጭ ባንክ መስጠት ሐሰት ነው፤ ፋብሪካ ማስመረቅ የሚወዱና ሸንኮራው ሳይደርስ ወፍጮ የሚያዝዙ የራሳችን ሰዎች ነበሩ። ያም ሆኖ የእኛ ጥፋት የአበዳሪውን ጥፋት አይሰርዘውም። ሁለት ሰው የተሳሳተበትን ውል አንዱ ብቻ እንዲከፍለው ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

በአገራችን መንግሥት ለሚወስደው የውጭ ብድር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማጽደቂያ አዋጅ ያወጣል፤ በነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል። አጭር ነው፤ የብድሩን መጠን ከጠቀሰ በኋላ አጭር ርዕስ፣ ስምምነቱ ስለመጽደቁ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሥልጣን፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ ብሎ ያበቃል። ለፋብሪካ በሚወሰድ ብድር አዋጅ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር እወዳለሁ፤ ፋብሪካው ከታቀደው ምርት ግማሹን እንኳ ሳይደርስ ቢቀር ከዕዳው ስንት እጁ ከአበዳሪው ላይ እንደሚቀነስ የሚናገር አንቀጽ። በዚህ ውል የሚያበድሩን ጥቂት ይሆናሉ። የሚመጡት ግን ከመፈረማቸው በፊት የወንዙን ውኃ መጠንና የሸንኮራውን ማሳ ማየት ይኖርባቸዋል።