ክረምት የሰጣችሁን በመጸው ያዙ

ልጆቼ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ የብዙ ቤት ጓሮ ባለቤት ያጣል። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ሲያጠጣ፣ ጎመኑም በራሱ ሲያድግ ሰው ሁሉ አትክልተኛ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ግን መኮትኮቻው ጥግ ይቆማል፤ «እስከሚቀጥለው ሰኔ ምን ሥራ አለ?» ይባላል። እኔ የምመክራችሁ ተቃራኒውን ነው። ክረምት ሲወጣ አፈሩን ውሃ አጠጥቶ፣ ዘር አብስሎ፣ ቅጠል አራግፎላችሁ ነው የሚሄደው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው በመጸው ወራት ይህን የያዘ ቤት በጥርና በየካቲትም ከጓሮው ይበላል። ያልያዘ አንዲት እስር ቆስጣ እንኳ ከገበያ ይገዛል።

የምናገረው ለአዲስ አበባና እሷን ለሚመስሉ ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች ነው። ቆላ ያላችሁ ስለ ውርጭ የምለውን ዝለሉትና የቀረውን ውሰዱ።

ከውሃው እንጀምር። በመስከረም መጨረሻ መሬቱን አንድ ክንድ ብትቆፍሩት ውስጡ እርጥብ ነው። ይህን እርጥበት ፀሐይና አረም ይሻሙባችኋል። በተለይ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የታችኛው እርጥበት በስንጥቁ በኩል እየተነነ ያልቃል። ስለዚህ ጭቃው እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው፣ መሬቱም ገና ሳይሰነጠቅ፣ ላይ ላዩን ኮትኩቱት። ሁለት ሦስት ጣት ጥልቀት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፋችሁ የአትክልቱን ሥር ትቆርጣላችሁ፣ እርጥቡንም አፈር ለፀሐይ ታወጣላችሁ። አረሙ አበባ ሳይዝ ይነቀል። ያላበበውን እዚያው አትክልቱ መሃል ብታነጥፉት መሬቱን ያለብሳል። ዘር የያዘውን ግን ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩ፤ የቤት ብስባሽ ብዙ ጊዜ የአረም ዘር የሚገድል ሙቀት ላይ አይደርስም፣ በሚቀጥለው ዓመት አረሙን በእጃችሁ መልሳችሁ ትዘሩታላችሁ።

ከኩትኳቶው በኋላ ጉዝጓዝ አልብሱት። የጤፍ ጭድ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ የደረቀ ሣር፣ የተቆራረጠ የበቆሎ አገዳ ወይም የረገፈ ቅጠል ይሆናል። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የተክሉን አንገት ግን አይንካ፤ ከነካው ያሻግተዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አትጠቀሙ። ቶሎ አይበሰብስም፣ ለጋ ችግኝም አይወደውም።

ስታጠጡ ጠዋት አጠጡ። ማታ የረጠበ ቅጠል ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ በሽታውም በዚያ ይገባል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በሦስት በአራት ቀን አንዴ እስከ ሥሩ እንዲዘልቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ላይ ላዩን ብቻ የለመደ ተክል ሥሩን ወደ ላይ ያመጣና አንድ ቀን ስትረሱት ይጠወልጋል። የከተማ ውሃ በፈረቃ መሆኑን አውቃለሁ። ጎመንና ሰላጣ ያጠባችሁበትን ውሃ ለአትክልቱ አድርጉት፣ ሳሙናና በረኪና የነካውን ግን አርቁት።

ድንች ያላችሁ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አገዳውን ከመሬት ቁረጡና ድንቹን ሁለት ሳምንት አፈሩ ውስጥ ተዉት፤ ልጣጩ ይጠነክራል፣ ሲቆፈርም አይላጥም። የምታስቀምጡበት ቦታ ጨለማ ይሁን፤ ብርሃን አይቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝነት አለው። ዱባም ጥፍር ልጣጩን አልበሳ ሲል ደርሷል፤ ከነአንገቱ ቁረጡት፣ አንገቱ የተሰበረ ዱባ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያው ነውና።

ስለ ዘር ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ቤት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በጎመኑ መደብ ውስጥ ቅጠሉ ሰፊ፣ ትል ያልበሳው፣ ለማበብ የማይቸኩል አንድ ሁለት ተክል አይጠፋም። ለድስት መጀመሪያ የሚቀነጠሰው እሱ ነው። ማንም ያልፈለገው ቀጫጫ ደግሞ ቶሎ ያብባል፣ ቶሎ ዘር ይይዛል፣ በሰኔም የሚዘራው የዚያ የቀጫጫው ዘር ነው። እንዲህ ዓመት በዓመት ሲደጋገም «የድሮው ጎመን ጠፋ፣ ዘሩ ተበላሸ» ይባላል። ጥሩውን ዘር እኮ በላነው። ከዛሬ ጀምሮ ከሁሉ ያማረውን ተክል መርጣችሁ ቀይ ክር እሰሩበት፤ ክር ያለው ለዘር መሆኑን የቤት ሰው ሁሉ ይወቅ፣ ወጥ የምትሠራዋም ጭምር። ቆባው ቢጫ ሲሆን፣ ግን ሳይፈነዳ፣ ጠዋት ጤዛ ሳለ ቁረጡት፤ ጤዛው ዘሩ እንዳይረግፍ ይይዘዋል። ጥላ ውስጥ አንጠልጥላችሁ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ።

የቲማቲም ዘር ከዝልግልጉ ጋር ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፤ ልባሱ ሲለቅ ታጥቦ ይድረቅ። ከሱቅ የተገዛ ሃይብሪድ ከሆነ ግን ዘሩን ለመያዝ አትድከሙ፣ ልጁ እናቱን አይመስልም። በደንብ ያልደረቀ ዘር በላስቲክ አይታሰርም፣ ይሻግታል፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። የሽንኩርት ዘር በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ጉልበቱን ያጣል። የጎመንና የቲማቲም ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል። ከተረፋችሁም ለጎረቤት ስጡ፤ የእናንተ መደብ በበሽታ ቢጠፋ ዘራችሁን የምታገኙት ከእነሱ ቤት ነው።

በሶብላን ብርዱ ሳይገድለው፣ አበባው ፈንድቶ መዓዛው በጠነከረበት ሰዓት ቁረጡና በጥላ አድርቁት። ጤና አዳምም ከክረምት በኋላ ይንዠረገጋልና መግረዝ ይፈልጋል፣ ነገር ግን እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል፣ እስከ ማቁሰልም ይደርሳል። ልጆች እንዳይጫወቱበት ጠብቁ።

ውሃ ያላችሁ ደግሞ የምትተክሉት ብዙ ነው። ጥቅምት ለነጭ ሽንኩርት የተመቸ ወር ነው፤ በዝናብ ወቅት ከሚያበሰብሰው እርጥበት ይድናል። ትልልቆቹን ፍንካቾች ለዩ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ፤ በአራት በአምስት ወር ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይነቀላል። ካሮት መነቀልና መዛወር አይወድም፣ በቦታው ይዘራ፤ እስኪበቅል ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል መሬቱ እንዳይደርቅ በስስ ሣር ሸፍኑት፣ ብቅ ሲል አንሱለት። ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ቅዝቃዜውን ይችላሉ። ቲማቲም በክረምት ቅጠሉን አጥቁሮ ከሚያደርቀው በሽታ የሚያርፈው አየሩ ሲደርቅ ነው፤ ስለዚህ አሁን መትከል ጥሩ ነው። ግን ፀሐይ ቀን የምታሞቀው ግድግዳ ሥር ትከሉት፣ ቀዝቃዛ ሌሊት አበባውን ያረግፋልና።

አበባውን አልረሳሁም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ ለአበባ ሰጥታቸዋለች፤ አትክልት የሚወድ ሰው ይህን ጊዜ በእጁ ሥራ ሊያከብረው ይገባል። ጽጌረዳው ካበበ በኋላ የጠወለገውን አትተዉበት፤ ከአበባው በታች አምስት ቅጠል ያለውን ዘንግ ፈልጋችሁ ከእሱ በላይ በሹል መቀስ ቁረጡ፣ አዲስ ቀንበጥ ከዚያ ይወጣል። ከተገረዘው ውስጥ የእርሳስ ውፍረትና የስንዝር ርዝመት ያለውን ብትተክሉት፣ አፈሩም እርጥብ ሆኖ ከቆየ፣ ሥር ይሰድዳል። አደይ አበባ በግቢያችሁ ካለ ደረቀ ብላችሁ አትንቀሉት፤ የዓመት ተክል ስለሆነ ለሚቀጥለው መስከረም የሚበቅለው ዛሬ ከሚጥለው ዘር ነው። በእነዚህ ወራት ንብ ከአበባ ወደ አበባ ትዞራለች፣ የደጋው ማርም የሚሞላው አሁን ነው። እባካችሁ ያበበ ነገር ላይ የተባይ መድኃኒት አትርጩ።

ብርዱ ይመጣል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ነው፣ ለአትክልት የሚያስፈራው ግን ከኅዳር በኋላ የሚመጣው ውርጭ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ማታ ከሆነ ጠርጥሩ። ውርጭ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ እዚያ አይኑሩ። እንዲህ ያለ ሌሊት በምትጠብቁበት ቀን ከሰዓት በፊት መሬቱን አጠጡት፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻልና። ሲመሽ ችግኙን በጆንያ ወይም በሣር ሸፍኑ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡ።

የመጨረሻው ነገር ቅጠሉ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። የሰፈር ሰው በአንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ መውጣቱን እወደዋለሁ፣ እንዲቀርም አልፈልግም። የሚያሳዝነኝ በዚያ እሳት የሚነደው ነገር ነው። ላስቲኩ ሲቃጠል ጭሱ የልጆችን ሳንባ ይጎዳል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ የዓመቱ የአፈር ምግብ አመድ ይሆናል። መቃጠል ያለበት አለ፤ በበሽታ የጠቆረ የቲማቲምና የድንች አገዳ፣ ሥሩ ያበጠ ጎመን። እነዚህ ይቃጠሉ። ጤነኛው ቅጠል ግን ወደ ጉድጓድ ይግባ።

ስፋቱም ጥልቀቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ለአንድ ቤት ይበቃል። ደረቅ ቅጠል፣ በላዩ የወጥ ቤት ልጣጭና ለምለም ሣር፣ ከዚያ ፍግ፣ ከዚያ ስስ አፈር እያላችሁ ደራርቡ። ሥጋና ዘይት አይግባበት። እርጥበቱ ተጨምቆ የማይንጠባጠብ ያህል ይሁን፣ በወር አንዴ ገልብጡት። በመጋቢት ጥቁርና ፍርፍር ብሎ፣ የዝናብ መሬት መዓዛ ይዞ ታገኙታላችሁ። ጉድጓዱን ከኅዳር 12 አስቀድማችሁ ቆፍሩ፤ የተጠረገው ቅጠል የሚገባበት ካጣ ወደ እሳቱ መሄዱ አይቀርም።