ማየትና መጐብኘት

ሰው ያላየውን ለማየት ይመኛል። ይህ ምኞት በራሱ ኀጢአት አይደለም። ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ጥበብ ለማየት ከሩቅ አገር ተነሥታለች፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ለመስገድ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ ተጕዟል። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ ወጣ፤ ስለ ወጣም አልተነቀፈም፤ እንዲያውም ቤቱ ድኅነትን ተቀበለ። ነገር ግን ደቀ መዛሙርቱ የቤተ መቅደሱን ሕንፃ እያደነቁ ለጌታ ባሳዩት ጊዜ፥ እርሱ የነገራቸው ስለ ድንጋዩ ውበት ሳይኾን ስለ መፍረሱ ነበር። እንግዲህ የአንዱ ማየት ተመስግኖ የሌላው የተገሠጸው ስለ ምንድር ነው? የተቀደሰውን ስፍራ የሚያይ ሰውስ ምን ዕዳ አለበት?

ይህ ጥያቄ ለጐጃም አድባራትና ገዳማት ሩቅ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዐባይን በረሓ ወርዶ በደጀን በኩል የወጣ መንገደኛ፥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው፥ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የመጻሕፍት መምህራን የኖሩባት ዲማ ጊዮርጊስ፥ ወንጌላዊው ሉቃስ የሣላት የእመቤታችን ሥዕል አለች ተብሎ በትውፊት የሚነገርላት ደብረ ወርቅ፥ ከዚያም መርጡለ ማርያም ይገኛሉ። በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራችው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ዘመን ጠፋ፤ በሚከተለው መቶ ዓመት የሮማ ካቶሊክ መልእክተኞች እንደገና ሠሩት፤ ያም ፈርሶ፥ በብልኀት የተቀረጸው ድንጋዩ እስከ ዛሬ ይታያል።

ማየት ብቻውን ምን ያህል ባዶ እንደ ኾነ ለማወቅ ግን ወደ ሰከላ፥ ወደ ግሽ ዐባይ ምንጭ እንሻገር። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ብዙ መከራ ተቀብሎ በ1763 ዓ.ም. ከምንጩ ደረሰ። ከእርሱ በፊት በ1610 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የእስፓኝ ተወላጅ ካህን አይቶት ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ላለመቀበል አጥብቆ ተከራከረ። ከምንጩም ቀድቶ ስለ ንጉሡ ጤና ጠጣ። ጥቂት ቆይቶ ደስታው ወደ ኀዘን ተለወጠበት፤ በአውሮፓ የሚያውቃቸውን የራይንን፥ የሮንንና የሶንን ወንዞች መነሻ አስታውሶ፥ ይህ ከእነዚያ በምን ይበልጣል ብሎ እንደ ተከዘ ራሱ ጽፏል። ከዚያው ምንጭ ዘንድ ግን፥ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዐባይ ዐደራ ሰጥተው ውሃው ሳያርስ እንደ መለሰላቸው የሚያምን ምእመን ጥር 13 ቀን በዓላቸውን አክብሮ፥ ጠበሉን ጠጥቶ ደስ ብሎት ይመለሳል። ምንጩ አንድ ነው። ብሩስ የመጣው ሌላ ያላየውን አየኹ ለማለት ነበርና ካየው በኋላ የሚቀበለው ነገር አልነበረም፤ ምእመኑ ግን የመጣው ሊቀበል ነውና ባዶውን አልተመለሰም።

ብሩስ ካስታወሳቸው ወንዞች አንዱ፥ ሶን፥ የሚፈስበት የቡርጎኝ አገር የታወቀ የወይን አገር ነው። በዚያ ክሉኒ የሚባል ገዳም በአውሮፓ አቈጣጠር በ910 ተመሥርቶ ነበር። የሮማው ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ የክርስቲያን ዓለም ከእርሱ የሚተልቅ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በ1790 መነኮሳቱ ተበተኑ፤ ሕንፃውም ድንጋዩ እየተሸጠ ፈረሰ። ዛሬ መንገደኛው ወይኑን ቀምሶ ከግንቡ የቀረውን ጥቂቱን ያያል። በዚያ የሚያይ ዐይን ሳይጠፋ ማሕሌቱ ጠፋ። በመርጡለ ማርያም ደግሞ ግንቡ ፈረሰ፥ ቅዳሴው ግን ቀረ። ከኹለቱ የትኛው ነው የፈረሰው?

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ከዓመታት በፊት በዚሁ ጥፋት ተገኝቻለኹና። በክረምት መግቢያ ከባልንጀሮቼ ጋራ ስሙን ወደማልጠራው አንድ የገጠር ደብር ደረስን። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ የኾኑት ሽማግሌ አባት በጨርቅ የተጠቀለለ የብራና መጽሐፍ አወጡልን። እኛም ሐረጉን አደነቅን፤ ቀለሙን አመሰገንን፤ ዕድሜውን ጠየቅን። እርሳቸው ዝም ብለው ሰሙንና መጽሐፉን እየጠቀለሉ፥ «ልጆቼ፥ መጽሐፉን ያላየ እንግዳ የለም፤ ጣራውን ያየ ግን ገና አልመጣም» አሉን። ቀና ብንል በክዳኑ ቀዳዳ ሰማይ ይታያል። ከወለሉም ላይ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ገበቴ ተቀምጧል፤ ስንገባ በእግራችን ተሻግረነው ነበር።

በቋንቋችን ገበሬ ማሳውን ጐበኘ ሲባል፥ ቡቃያውን አይቶ ተደሰተ ማለት ብቻ አይደለም፤ አጥሩ የተጣሰበትን፥ አረም የበዛበትን አይቶ ሊያበጅ ነው። የታመመን መጐብኘትም እንዲሁ ነው፤ የበሽተኛውን መልክ አይቶ የሚመለስ ሰው ጠያቂ አይባልም። እግዚአብሔር ሕዝቡን ጐበኘ ስንልም አየን ማለታችን ብቻ ሳይኾን አዳነን ማለታችን ነው። እንግዲህ አይቶ ያለፈ ሰው አየ እንጂ አልጐበኘም።

ምናልባት፥ «መንገደኛው የሚሰጠው ገንዘብ ደብሩን ይረዳ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይረዳል። ነገር ግን ካህናት ሆይ፥ ንጉሥ ሕዝቅያስን እናስብ። የባቢሎን መልእክተኞች የመጡት ከደዌው መዳኑን ሰምተው ነበር፤ እርሱ ግን ያዳነውን አምላክ በማሳየት ፈንታ የመዝገቡን ወርቅና ብር አሳያቸው። ያሳየው ኹሉ ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድም በነቢዩ በኢሳይያስ ተነገረው። ለእንግዳ ንዋየ ቅድሳቱን አውጥተን፥ በጓሮ ጐጆ በረኃብ የሚማረውን የቆሎ ተማሪ ብንሸሽግ፥ ያሳየነው ምንድር ነው? ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገደኛው ቀንሷል። ክብራችን በእንግዳ ዐይን ላይ ብቻ ቆሞ ቢኾን ኖሮ፥ እንግዳው ሲቀር አብሮ በቀረ ነበር።

የዚያን ደብር ነገር ልፈጽም። እኛ ጣራውን ለማሳደስ ቃል ገብተን ወደ ከተማ ተመለስን፤ ቃላችንን ሳንፈጽምም ክረምቱ ገባ። ጣራውን የከደኑት የአጥቢያው ገበሬዎች እንደ ኾኑ በኋላ ሰማኹ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ያ መጽሐፍ ተገልጦ አንድ ቀን እንኳ አላዩትም። እኛ ቅጠሉን ኹሉ አየነው፤ የጐበኙት ግን እነርሱ ናቸው።

እግዚአብሔር አይተን እንዳናልፍ ልቡና ይስጠን፤ እርሱም በቸርነቱ ይጐብኘን። አሜን።