ያልተነገረ ጥርጣሬ

ሰው የማያውቀውን አደጋ ተጋፍጦ ቢወጣ ደፋር ሊባል ይገባዋልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። አፍላጦን «ላኬስ» በተሰኘው ድርሰቱ ሁለት የጦር አዛዦችን ከሶቅራጥስ ጋር ባነጋገረበት ጊዜ፣ ከአዛዦቹ አንዱ የሆነው ኒቅያስ፣ አደጋውን ባለማወቃቸው ብቻ የማይፈሩትን እንስሳትና ሕፃናት ደፋሮች ብሎ ለመጥራት እምቢ ይላል። ይህን ድርሰት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤ፣ ለፈተና አጥንቼ፣ ከፈተናው በኋላ ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ አንድ የተበጠሰ ካቴና ነው።

በ2002 ዓ.ም. የቴአትር ትምህርቴን ለመቀጠል ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄጄ፣ ዊስኮንሲን በተባለው ግዛት ተቀምጬ ነበር። ክፍል ያከራዩኝ ሰው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። በረዶው ደጃፉን ዘግቶ በሚቆይባቸው ወራት ከቤታቸው ጎን ባለው ጋራዥ ውስጥ ሆነው፣ በወጣትነታቸው ለእሽቅድምድም የሠሩትን ሞተር ሳይክል እንደገና ይገጣጥሙ ነበር። እኔ መብራት እይዛለሁ፤ መፍቻ አቀብላለሁ። ፍሪሲዮን፣ ቢዬላ፣ ቴላዮ፣ ዳዶ፤ ሽማግሌው የየዕቃውን ስም በቋንቋቸው ሲነግሩኝ፣ እኔ ቀድሞ የማውቀው በልጅነቴ ሰፈራችን ከነበረው ጋራዥ በሰማሁት፣ ጣሊያን ትቶልን በሄደው ቃል ነበር። እንዲህ ያለው ዕውቀት በዲግሪ ወረቀት ላይ አይጻፍም እንጂ በዚያ ጋራዥ ያስከበረኝ እርሱ ነው።

እሽቅድምድሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ድራግ ይባላል። ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ቆመው ይቆያሉ፤ ምልክት ሲሰጣቸው ከቆሙበት ተነሥተው በ402 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይወነጨፋሉ። መጠምዘዝ የለ፣ መዞር የለ፤ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና በሚገኘው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950 መደበኛ ውድድር ተጀመረ፤ በሚከተለው ዓመትም አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ1963 ወዲህ ደግሞ የመነሻውን ምልክት የሚሰጠው «የገና ዛፍ» የሚሉት፣ ባለ ቀለም አምፖሎች የተደረደሩበት ምሰሶ ሆነ። ሽማግሌው በሚወዳደሩበት ዘመን አንድ ጥሩ ሞተር ሳይክል ያን መንገድ በአሥር ሴኮንድ ገደማ ይጨርሰው ነበር። ለዚያች አሥር ሴኮንድ የበረዶው ወራት በሙሉ ይሠራባቸዋል።

ነዳጁም ተራ ቤንዚን አይደለም። ናይትሮሜቴን የተባለው ፈሳሽ በውስጡ የራሱን ኦክሲጅን የያዘ በመሆኑ፣ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ከቤንዚን እጅግ የበለጠ መጠን እንዲቃጠል ያስችላል። ያ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚሻገረው በካቴና ነው። ካቴናው ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ሞተር ሳይክሉ ከቆመበት ሲነሣ ነው፤ ሲበጠስም የነጂው እግር ከአጠገቡ አለ።

በዚህ ሙያ ሠሪና ነጂ አንድ ሰው የሆነበት ጊዜ አለ፤ ሁለት የሆኑበትም አለ። የኒው ዚላንዱ በርት መንሮ፣ ምንም እንኳ የእርሱ ሜዳ የጨው ሜዳ፣ ውድድሩም ከሰዓት ጋር ቢሆን፣ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 የገዛውን ኢንዲያን ሞተር ሳይክል ዕድሜውን ሙሉ ሲያሻሽል ኖሮ፣ መጀመሪያ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን ያን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ በዩታ ግዛት በሚገኘው የቦንቪል ጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ አስኬደው። ፒስተኑን ራሱ አቅልጦ ያወጣ፣ ቢዬላውን ራሱ ይሞርድ ነበር፤ የተሰበሩትንም ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች ብሎ መደርደሪያ ላይ ያኖራቸዋል። መንሮ ቢዬላውን ቢጠራጠር፣ ጥርጣሬውን ይዞ ኮርቻው ላይ የሚወጣው ራሱ መንሮ ነው። የሚታለል ሰው የለም።

ቼት ኸርበርት ግን ፖሊዮ እግሮቹን ስላሰናከለው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነበር። በሳንታ አና ከመኪናዎቹ ይልቅ የፈጠነውን፣ «አውሬው» የተባለውን ሃርሊ ዴቪድሰን ሲሠራ፣ የሚነዱለት ሌሎች ነበሩ። የዊስኮንሲኑ ጆን ግሪጎሪም ሁለት የኖርተን ሞተሮች ያጣመረበትን «ሆግስሌየር» ሲሠራ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በላዩ ላይ የተቀመጠው ቲ. ሲ. ክሪስተንሰን ነው። አንዱ በእጁ ያወቀውን ሌላው በነፍሱ ማመን አለበት።

የእኔ ሽማግሌም ሠሪ እንጂ ነጂ አልነበሩም። የሚነዳላቸው የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ነበር። (በዚያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርና እዚህ ላይ «እርሱ» ብዬ ልተርከው።) እ.ኤ.አ. በ1974፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ለእሑዱ ውድድር ካቴናውን በላምባ ሲያጥቡ፣ አንዷ ቀለበት እንደ ሌሎቹ አልተጣጠፍ አለቻቸው። መለዋወጫ የሚሸጠው ሱቅ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። በመዶሻ ቀስ አድርገው መቷት፤ ዘይት አጠጧት፤ ተጣጠፈች። «ነገን ታደርሰናለች» አሉ ለራሳቸው። ለነጂው ግን አልነገሩትም። እሑድ ሦስት ጊዜ ሮጠ፤ ሦስቱንም አሸነፈ፤ ሦስተኛው በዕድሜው ከሮጠው ሁሉ የተሻለ ነበር። በአራተኛው፣ አረንጓዴው አምፖል እንደ በራ፣ ካቴናው ተበጠሰ። ቁርጭምጭሚቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያነክሳል፤ ተመልሶም አልነዳም። ሽማግሌው የተበጠሰችዋን ቀለበት ከመንገዱ ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። ለሠላሳ ስድስት ዓመት ለማንም አላሳዩዋትም።

ለምን አልነገሩትም? ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብነግረውም ይነዳ ነበር» አሉኝ።

መልሱ ቀላል አይደለም። እውነትም ሊሆን ይችላል። በውጤት ብቻ ለሚመዝን ሰው፣ ነገሩ ቢነገርም ባይነገርም ካቴናው ያው ነው፤ እግሩም ያው ይሰበራል፤ ዝምታው ያጎደለው ነገር የለም። ለብዙ ቀናት ይህን ክርክር የሚረታ ነገር አጥቼ ሰነበትሁ። ኒቅያስ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ቢያውቅ ኖሮ የሚሮጥበት መንገድ ያው ነው፤ የሚሮጠው ሰው ግን ሌላ ነው። ቀለበቷን በአንድ ወገን፣ እግሩን በሌላ ወገን አድርጎ መዝኖ፣ «ይሁን» ብሎ የሚነሣ ሰው ነው። ለመሆኑ ያ ወጣት ወደዚያ ሜዳ የሚሄደው ለምን ነበር? ሽልማቱ የጎማ ዋጋ እንኳ አይሸፍንም። የሚሄደው ራሱን ሊለካ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ መለኪያውን አዛብተው ሰጡት።

ይሁንና ልከራከርላቸው። ሠሪ ሁሉ ተጠራጣሪ ነው። እያንዳንዱ ቡሎን፣ እያንዳንዱ ብየዳ፣ ሌሊት እየመጣ ያነጋግረዋል። ይህን ሁሉ በነጂው ጆሮ ሹክ ቢል የነጂው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ በዚያ ፍጥነት ላይ ይገድላል። ፍርሃቱን ለብቻ ተሸክሞ ለሌላው ጸጥታን መስጠት እንደ ርኅራኄ ሊቆጠር አይችልምን? እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ተውኔቴ ሊከፈት ሰዓታት ሲቀሩት ሦስተኛው ገቢር እንደማይቆም እያወቅሁ፣ ተዋንያኑን «ግሩም ነው» ብዬ መድረክ ላይ ላክኋቸው። ተመልካቹ ማጉረምረም ሲጀምር መድረኩ ላይ ቆማ የተቀበለችው አንዲት ወጣት ተዋናይት እንጂ እኔ አልነበርሁም፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርሁ። ያንን ቸርነት ብዬ ለብዙ ጊዜ ኖሬአለሁ።

አሁን እንዲህ አይመስለኝም። መልክ የሌለው ሥጋት የሠሪው ዕዳ ነው፤ ሊሸከመው ይገባል። ጣት የነካት፣ በመዶሻ የተመታች አንዲት ቀለበት ግን ሥጋት አይደለችም፤ ወሬ ናት፤ ወሬውም የነጂው ነው። ሽማግሌው በዚያች ቅዳሜ ማታ ያዳኑት የነጂውን ጸጥታ ሳይሆን እሑዱን ነበር። እኔም ያዳንሁት ተዋናይቷን ሳይሆን የመክፈቻውን ምሽት ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ሞተር ሳይክሉ አለቀ። እንዲህ ያሉ አሮጌ መሣሪያዎች ዳግም የሚሮጡባቸው፣ አፍቃሪዎቹም ዕቃው ሁሉ የጥንቱ እንዲሆን የሚመኙባቸው ስብሰባዎች አሉ፤ በአንዱ ላይ ልንዳው ብሎ የጠየቀው የዚያው የቀድሞ ነጂ ልጅ ነበር። በዚያ ሳምንት ሽማግሌው አማቻቸውን ጠሩ። ስድሳ የሞላቸው ሰው፣ ምርኩዝ ይዘው እያነከሱ ገቡ። ሽማግሌው ቡና ቀዱላቸውና ቀለበቷን ከፊታቸው አኖሩ፤ በአራትና በአምስት ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ነገሯቸው። እኔ ልወጣ ፈልጌ ነበር፤ መብራቱ በእጄ ስለ ነበር ቆምሁ።

አማቻቸው ቀለበቷን ብዙ ጊዜ አገላበጡ። ስለ እግራቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ቅዳሜ ነው ያየኸው?»

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያ ሦስቱንም ዙር በዚችው ነው የሮጥሁት።»

«አዎን።»

«እግሬስ እሺ፤» አሉ አማቻቸው፤ «ያን ሦስተኛውን ዙር ግን ይህን ያህል ዘመን የኔ ነው ስል ኖሬ ነበር።»

ቀለበቷን ኪሳቸው ከተው፣ ቡናውን ሳይነኩት ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃቸው መጣ። ሽማግሌው አዲስ ካቴና ከካርቶኑ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት፤ እያንዳንዷንም ቀለበት በገዛ ጣቱ እያጠፈ እንዲያያት አዘዙት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ያን ጊዜ ሁሉ መብራቱን የያዙት፣ ከእጄ ተቀብለው፣ ሽማግሌው ነበሩ።