የተማረ ሁሉ ይማር ወይ?

አማርኛችን «የተማረ» ሲል ዕውቀት የቀሰመውንም ምሕረት ያገኘውንም ይጠራል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ምሩቃን በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሳው ክርክር ደግሞ ሁለቱን ትርጉሞች ፊት ለፊት ያጋጫቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ ሰው «በወጪ መጋራት» ስም የተመዘገበበትን ዕዳ መንግሥት ይማረው ወይስ ያስከፍለው? «ይማር እንጂ! ሥራ ያላገኘ ልጅ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» የሚሉ አሉ። «የበላና የጠጣ፣ በመንግሥት አልጋ ላይ የተኛ ይክፈል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን የበጀትና የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ለእኛ ለሙስሊሞች ግን ዕዳ ከሒሳብ መዝገብ አልፎ እስከ ቀብር የሚከተል ነገር ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው፣ ሟቹ ለዕዳው መክፈያ የሚሆን ነገር ትቶ እንደሆነ ይጠይቁ እንደነበር በትክክለኛ ሐዲስ ተዘግቧል። ካልተወ ሶሐቦቻቸው እንዲሰግዱበት ያዙና እርሳቸው ይታቀቡ ነበር። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) የአንዱን ሟች ዕዳ በራሳቸው ላይ በወሰዱ ጊዜ ግን ሰገዱበት። ሸሂድ እንኳ ሌላው ኃጢአቱ ሁሉ ሲማርለት ዕዳው እንደማይማርለት በሙስሊም ዘገባ ተነግሯል። እንግዲህ ሸሂድ ያልተማረውን ዕዳ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል» ብሎ የሚተው ምሩቅ ምን ተማምኖ ነው? ዛሬ በውጭ አገር በዶላርና በሪያል እየተከፈላቸው፣ አገር ቤት ፈርመው የሄዱትን ቅጽ ፈጽሞ የረሱ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። ባለጸጋ ሆኖ ዕዳን ማጓተት በደል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ አስተምረዋል።

ለመሆኑ ይህ ዕዳ እንዴት ያለ ዕዳ ነው? በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተማሪ በነጻ ሲማር ቆየ። ይህ የተለወጠው የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ደንብ ቁጥር 91ን ባወጣ ጊዜ ነው። ደንቡ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ ከዚያም የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ እንዲጋራ አደረገ። የሚከፍለውም ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። በመምህርነት ለሚሰማሩትና ለመሰል ባለሙያዎች ደግሞ በገንዘብ ፈንታ አገልግሎታቸው እንዲቆጠር ተፈቀደ።

ከዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከትምህርቱ ወጪ 85 በመቶው ገና ከመጀመሪያው የተማረ ነው። ክርክሩ ያለው በቀረው ላይ ነው። «ደንቡን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው በነጻ ተምረው የለም እንዴ?» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ ታላቅ ወንድም በነጻ በልቶ ታናሹ ሒሳብ ሲጠየቅ ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ነገር ግን ያኔ በነጻ የተማሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው የእኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከዚያ መስፋፋት የተወለደ ነው። ያ መስፋፋት ባይኖር ኖሮ ዛሬ «ዕዳዬ ይሰረዝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ከሆጤ ትምህርት ቤት አልፈው ባልሄዱ ነበር።

ወለድስ አለበት ወይ? የሙስሊም የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ መሆን አለበት። ተማሪው በየዓመቱ በሚፈርመው ቅጽ ላይ የተሞላው ገንዘብ ይደመራል፤ ሲወጣ የሚጠየቀውም ያንኑ ድምር ነው። በዘመን ብዛት አይወልድም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በብሪታንያ የተማሪ ብድር ወለድ ስላለበት ከዩኒቨርሲቲ የቀሩ ሙስሊሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወለድ ነጻ ለሆነ አማራጭ የሚፈቅድ ሕግ ቢወጣላቸውም ሕጉ ለዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል። የእኛ ተማሪ ከዚህ ፈተና ድኗል፤ አልሐምዱ ሊላህ።

እንዲያውም ነገሩ በተቃራኒው ነው። ደንቡ ሲወጣ አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተፈረመ ዕዳ ዛሬ በያኔው ቁጥር ሲከፈል፣ መንግሥት የሚያገኘው የሰጠውን ምግብና መኝታ ዋጋ ሳይሆን የዚያን ጥላ ነው። ኡለማዎች በዚህ ላይ ተወያይተዋል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ ዕዳ የሚመለሰው በቁጥሩ እንጂ በዋጋው ተሰልቶ እንዳልሆነ ወስኗል። ስለዚህ ባለዕዳው ከቁጥሩ በላይ አይጠየቅም። የዋጋ ንረቱ ግን ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳያመሰግነው ከዕዳው ትልቁን ክፍል ሰርዞለታል። የቀረውንም «ይሰረዝልኝ» የሚል ደመወዝተኛ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ምሕረት የማን መብት ነው? በመስጊድ ውስጥ ከዕብ ቢን ማሊክና ኢብን አቢ ሐድረድ (ረ.ዐ.) በዕዳ ምክንያት ድምፃቸው ከፍ ብሎ በተሰማ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የክፍላቸውን መጋረጃ ገልጠው ለከዕብ ግማሹን እንዲተዉ በእጃቸው አመለከቷቸው። ከዕብም ወዲያው ተዉ። ከዚያም ነቢዩ ወደ ባለዕዳው ዞረው የቀረውን ተነስቶ እንዲከፍል አዘዙ። ልብ በሉ፦ የአላህ መልእክተኛ እንኳ የከዕብን ገንዘብ በከዕብ ፈንታ አልማሩም፤ ባለገንዘቡን አማለዱ እንጂ። ምሕረት ከባለቤቱ ኪስ ሲወጣ ቸርነት ነው። ከሌላ ሰው ኪስ ሲወጣስ?

የመንግሥት ግምጃ ቤት ባለቤት መንግሥት አይደለም፤ ጠባቂ ነው። ባለቤቶቹ ሰኞ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የምትውለው እናት፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠራው ጎረምሳ፣ በቃሉና በተሁለደሬ የሚያርሰው ገበሬ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ አላደረሱም። ለሳሙናና ለልብስ በሚከፍሉት ዋጋ ውስጥ ግን ቀረጥ አለ። የዕዳ ስረዛ ከአየር አይመጣም፤ አንድ ቦታ ሲሰረዝ ሌላ ቦታ ይጻፋል። ወይ በግብር፣ ወይ ገንዘብ በማተም በሚመጣ ንረት፣ ወይ ሳይገነባ በሚቀር የገጠር ጤና ጣቢያ። የፊቅህ ሊቃውንት መሪ በሕዝብ ገንዘብ ላይ የሚሠራው ሁሉ ከሕዝብ ጥቅም ጋር የተሳሰረ መሆን አለበት ያሉት ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን በይቱል ማል የዜጋን ዕዳ መክፈል አይችልም ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ሀብት በከፈተላቸው ጊዜ ዕዳ ትተው የሚሞቱ ምእመናንን ዕዳ በራሳቸው ላይ ወስደዋል። ኸሊፋ ዑመር ቢን ዐብዱል ዐዚዝም የኢራቁ ገዥያቸው የሕዝቡን ድርሻ ከፍሎ ገንዘብ እንደተረፈው ሲጽፍላቸው፣ ያለ ቂልነትና ያለ ብክነት ዕዳ የገቡትን ፈልጎ እንዲከፍልላቸው አዘዙ። አቡ ዑበይድ በአምዋል ኪታባቸው የዘገቡት ይህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ የዕዳ ክፍያው የመጣው ሌላው ሁሉ መብቱን ካገኘ በኋላ ከተረፈው ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ባለዕዳ አልተጠራም።

የእኛ ግምጃ ቤት ይተርፈዋል ወይ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ለአበዳሪዎቿ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት አመለከተች። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ለውጭ ቦንድ ባለቤቶች መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። መንግሥት ራሱ ደጅ የሚጠና ባለዕዳ ነው። (እርግጥ ነው፣ ለራሱ ጊዜ የሚለምን ሰው ለሌላው ጊዜ ለመስጠት የበለጠ ልብ ሊኖረው ይገባ ነበር።) ሀብታሟ አሜሪካም በዚሁ ነገር ተጨንቃለች። ፕሬዚዳንት ባይደን እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ ተበዳሪ 10 ሺህ፣ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ደግሞ እስከ 20 ሺህ ዶላር ለመሰረዝ አቅደው ነበር። ወጪው 400 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚሆን ተገመተ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2023 ዕቅዱን ውድቅ አደረገው። እዚያም የተነሳው ሙግት ያው የእኛው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ያልሄደው የቧንቧ ሠራተኛ የጠበቃውን ዕዳ ለምን ይክፈል? ቀድሞ ጥሮ ግሮ የከፈለውስ ምን ይባል?

እስካሁን ያልኩት ለጅምላ ስረዛ የቆመውን ወገን እንደማያስደስት አውቃለሁ። ከዚህ በታች የሚመጣው ደግሞ ሌላውን ወገን አያስደስትም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ቁጥር 280 የተቸገረ ባለዕዳ እስኪገራለት ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው አዟል፤ መማር ደግሞ የበለጠ መልካም መሆኑን ነግሮናል። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ናቸው። መማር ውዴታ ነው። ጊዜ መስጠት ግን ግዴታ ነው። አበዳሪው ስለራራ የሚሰጠው ሳይሆን የተቸገረው ሰው መብት ነው፤ መንግሥትም ከዚህ ውጭ አይደለም። ደንቡም ተማሪው ገቢ ሲያገኝ ይክፈል ነው የሚለው። ታዲያ በተግባር የምናየው ምንድን ነው? ልጁ ሲመረቅ ቴምፖ ተሰጥቶት ኦሪጅናል ዲግሪውና ትራንስክሪፕቱ ዕዳው እስኪከፈል ተይዞ ይቀራል። ቀጣሪው ደግሞ ኦሪጅናል ይለዋል። ኦሪጅናል ለማውጣት ብር፣ ብር ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ኦሪጅናል። አባቱ በሬ ወይም አንድ ጥማድ መሬት ያለው ያስይዛል ወይም ይሸጣል፤ የሌለው ቴምፖውን አጣጥፎ ሸዋ በር ላይ ዕቃ ይሸከማል፣ ወይም በጅቡቲ በኩል ባሕር ያቋርጣል።

ይህን በሸሪዓ ሚዛን እንየው። መያዣ (ረህን) የተፈቀደ ነው። ግን ሊቃውንት ለመያዣ የሚሆነው ሊሸጥ የሚችል ነገር ነው ይላሉ፤ ባለዕዳው ሲያቅተው ተሽጦ ዕዳው እንዲከፈልበት። ዲግሪ አይሸጥም። ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት አሥር ዓመት ቢያስቀምጠው አንዲት ሳንቲም አያፈራለትም። ስለዚህ መያዣ ሳይሆን ማስጨነቂያ ነው ማለት ነው። ማጣቱ የተረጋገጠን ባለዕዳ ማስጨነቅ ደግሞ የተከለከለ ነው። የሚገርመው፣ ማስጨነቂያው አበዳሪውንም ይጎዳዋል፤ ሥራ ያላገኘ ሰው 10 በመቶ የሚቆረጥለት ደመወዝ የለውምና። በኢኮኖሚም ቢታይ ከዚህ የከፋ ንግድ አይገኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ እንደተዘረፈ፣ ስንት ቤተሰብ ሱቁንና ከብቱን እንዳጣ እናውቃለን። ከዚያ ዘመን የወጣ ምሩቅ «ተቸግሬያለሁ» ሲል ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በደመወዙ ላይ በቀጥታ የሚቆረጥበት ተቀጣሪው ደመወዝተኛ ነው። ነጋዴ የሆነውና አገር ጥሎ የሄደው ያመልጣል። ጅምላ ስረዛ ቢታወጅ ትልቁን ስጦታ የሚያገኘው ለዓመታት ሲቆረጥበት የቆየው ሳይሆን ሲሸሽ የኖረው ነው።

ለዚህ ነው ከስረዛ ይልቅ የአገልግሎቱ መንገድ የሚሻለው የሚመስለኝ። ከበድር ምርኮኞች ቤዛ የሌላቸው ለአንሷር ልጆች ጽሕፈት አስተምረው ነጻ እንደወጡ ተዘግቧል፤ ዕውቀት በገንዘብ ፈንታ ተቆጠረ። እኛ ወሎዎች ደግሞ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በገታ፣ በዳና፣ በጀማ ንጉሥ የተቀመጡት ታላላቅ ሸይኾች ዘንድ ከሩቅ አገር የሚመጣው ደረሳ የሚበላው የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ያወጣለትን ነበር። ማንም ቅጽ አላስፈረመውም። ግን ዕዳ አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ኪታቡን ሲጨርስ በተራው ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ያቀራ ነበር። በወረባቦ ወይም በለጋምቦ ገጠር አምስት ዓመት ያስተማረ ወይም ሕሙማንን የረዳ ምሩቅ፣ ሙያው በደንቡ ተጠቀሰም አልተጠቀሰም፣ ዕዳውን ከፍሏል ቢባል ሰኞ ገበያ ያለችው እናት የምትቃወም አይመስለኝም። የከፈለላት ለእርሷው ነውና።

የቀረው የእኛ የጀመዓው ድርሻ ነው። በሱረቱ ተውባ ቁጥር 60 ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች አሉበት። ሊቃውንት ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታም ግልጽ ነው፤ ዕዳው ለኃጢአት የተገባ እንዳይሆን፣ ሰውየውም መክፈያ ያጣ እንዲሆን። ለትምህርት ዕዳ ገብቶ ሥራ ያጣ ልጅ ሁለቱንም ያሟላል። ዘካችንን ግን በረመዳን መጨረሻ በመስጊድ በር ላይ በዝርዝር ብር እየበተንን፣ ዲግሪው የተያዘበትን የጎረቤት ልጅ አናየውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዘምዘምና ሂጅራ የመሳሰሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ ኦሪጅናል ማውጫ የሚሆን ቀርደል ሐሰን ማዘጋጀት ለእነርሱ ከባድ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው መጅሊስም በየከተማው ባሉት ቅርንጫፎቹ በኩል ለዩኒቨርሲቲዎች አንድ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) እንዳደረጉት የመስጊድ ጀመዓ ለተቸገረ ምሩቅ ዋስ ቢሆን፣ ዲግሪውን ትለቁለታላችሁ ወይ? ልጁ ሥራ ይዞ ቢጠፋ ጀመዓው ይከፍላል፤ ስለዚህ ለማን ዋስ እንደሚሆን መርምሮ ነው የሚገባበት። ወላሁ አዕለም።