አያቶችና የልጅ ልጆች በክረምት ዕረፍት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምት ሲገባ፣ በከተማችን በቢሾፍቱ ብዙ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ያስባሉ። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በጾመ ፍልሰታ ሕፃናቱን ለቅዳሴ ያደርሳሉ፤ ነሐሴ 13 ቀን ለደብረ ታቦር ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ወደ ሆራ ወይም ወደ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ይዘዋቸው ይወጣሉ።

ይህ ሽርሽር ብቻ አይደለም። ሕፃን በመንገድ ላይ ይጠይቃል፦ «እማማ፣ በቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው ለምንድር ነው? ችቦስ ለምን ይበራል?» አያትም ጅራፉ በታቦር ተራራ የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦው የጌታችንን ብርሃነ መለኮት እንደሚያስታውስ ይነግሩታል። ኢያሱ ከዮርዳኖስ የወጡትን ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ያቆመው ልጆች ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱ ነው (ኢያ. 4፥21)። የጢሞቴዎስም እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ ነበረ (2ጢሞ. 1፥5)።

ነገር ግን የአያት ጉልበት ይደክማል። ጭቃው ሲበረታ መውጣቱ ይቀራል፤ መውጣቱ ሲቀር ጥያቄው ይቀራል፤ መልሱም ከአያት ጋር ያልፋል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ቤታችን የተመለስን ተማሪዎች ምን እናድርግ? ሕፃኑን እንዘል፤ አገልግሉን እንያዝ፤ በሐይቁ ዳር ልጆቹን እንጠብቅ። ነገሩን ግን አያት ይንገሩ፤ እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን እናዳምጥ። ነገ የምንጠየቀው እኛ ነንና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።